አልጣሽ ያልተመለሰችበት መጽሐፍ

ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን ለገሃር ከሚኒባስ ወርጄ ስሻገር ዝናቡ ማካፋት ጀመረና፣ አስፋልት ዳር ላስቲክ አንጥፎ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ጎልማሳ ከወጠራት ሸራ ሥር ገባሁ። መጽሐፍ ልገዛ አልነበረም፤ ፀጉሬን የተሠራሁት በዚያው ጠዋት ስለነበር ነው። ጎንበስ ብዬ ቦርሳዬን ከእርጥቡ መሬት ሳነሣ ግን አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ፦ የሻገተ ወረቀት፣ ናፍታሊን፣ ትንሽም ላምባ የተቀላቀለበት፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያላሸተትኩት፣ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ቤታችን በረንዳ ላይ የሚነሣ ሽታ። ዓይኔ ብዙም ሳይፈልግ አገኘው። ሽፋኑ ላይ ጭነት የተሸከመች በቅሎ የተሣለችበት፣ ጀርባው በሙጫ የተለጠፈ፣ ያ ታላቅ የተባለ ልቦለድ።

ርዕሱን እዚህ አልጽፈውም። በቂ አሞጋሽ አለው፤ በእኔ ምክንያት አንድ ሰው እንኳ ተጨምሮ እንዲያነበው አልፈልግም።

"ማዘር፣ ይሄማ ክላሲክ ነው" አለኝ ሻጩ፣ እጄ ወደ መጽሐፉ ሲሄድ አይቶ። "ማለቴ፣ ይሄን ሳያነብ አንባቢ ነኝ የሚል ሰው ይቅርብኝ ነው የምለው፣ በቃ።"

"እኔ በቃሌ ነው የማውቀው" አልኩት በኩራት። ኩራቴ ከአራት ቀን በላይ አልቆየም።

በቃሌ የማውቀው በአባቴ ድምፅ ነው። ቤታችን ካዛንቺስ ነበር፣ ከዋናው መንገድ በአንዲት ጠባብ ኮረኮንች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፤ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ለእንቁጣጣሽ በኖራ የሚቀባ። አሁን የለም። ቦታው ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ቀለሙን የሚቀያይር መብራት አለ፤ ባለፈው በዚያ ሳልፍ ሙሽራና ሙሽሪት ተቃቅፈው ፎቶ ይነሡ የነበረው፣ አቅጣጫው ካልተምታታብኝ፣ ከጎረቤት ጋር የምንጋራው ሽንት ቤት በነበረበት ላይ ነው። አልነገርኳቸውም።

እናቴ የሞተችው እኔ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሦስት ነን፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የሚሠራው አባባ፣ ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት የምትበልጠውና እታለም እያልኩ የምጠራት እህቴ ዘነበች፣ እና እኔ። አባባ ቃል የሚከብደው ሰው ነበር። ወጡ ጨው አንሶታል ለማለት እንኳ ሰሃኑን ትንሽ ገፋ ያደርጋል እንጂ አፉን አይከፍትም። እናቴ የሞተች ዕለት ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ሲጮህ፣ እሱ የልብስ ማስጫውን ገመድ ደጋግሞ ሲፈታና ሲያጠብቅ ነው የዋለው። እሑድ ከምሳ በኋላ ግን ያ ሰው ይለወጥ ነበር። እጁን ይታጠባል፣ ከሣጥን ውስጥ መጽሐፉን ያወጣል፣ አንዱ ጎኑ በክር የታሰረ መነጽሩን ያደርጋል፣ በረንዳው ላይ ወንበሩን ወደ ብርሃን ያዞራል፤ ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል ከዚያ ዝምተኛ አፍ ውስጥ መንደር ሙሉ ሰው ይወጣል።

እታለም ከጎኑ፣ እኔ ከእግሩ ሥር እንቀመጣለን። የአክሱሟ ጎረቤታችን እትዬ ትበርህም በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚነበበው የአልጣሽ ታሪክ ነው። አልጣሽ የአንድ ጨው ነጋዴ ልጅ ናት፤ የምትወደው ደሳለኝ ደግሞ በበቅሎ ከአገር አገር የሚነግድ ሰው ነው፣ ሁልጊዜ የሚሄድ፣ ሁልጊዜ የሚዘገይ። እትዬ ትበርህ ደሳለኝ በዘገየ ቁጥር በአማርኛ ያለቅሱና በትግርኛ ይረግሙት ነበር። እኔ ግን የምጠብቀው ባሻ ውቤን ነው። ባሻ ውቤ የደሳለኝ በቅሎ ነጂ ነው፤ ከበቅሎዋ ጋር ይጣላና ሁለት ቀን ሙሉ በሰው በኩል ብቻ ያነጋግራታል። "ለእመቤቲቱ ንገሩልኝ፣ ወንዙን ካልፈለገችው እኔ ብቻዬን መሻገሬ ነው!" ሲል አባባ ድምፁን ያወፍራል፣ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ እትዬ ትበርህ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይጨምራሉ፣ እኔ ሲሚንቶው ላይ እንከባለላለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያ ቤት ሳቅ የሚሰማው በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም በዚያ መጽሐፍ ምክንያት ነበር። እንዲህ ያለውን ሁሉ ጽፎ የሰጠን ደራሲ በእኔ ዓይን ከሰው በላይ ነበር።

እታለም አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሐረር የነርስነት ትምህርት የደረሳት እኔ ሰባት ዓመቴ ላይ ሳለሁ ነው። ከክፍሏ እሷና ጓደኛዋ አልማዝ ብቻ ነበሩ የተመረጡት። ወረቀቱን ይዛ ከዋናው መንገድ ጀምሮ እየሮጠች መጣች፤ እታለም ስትሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አባባ አነበበው፣ "እሰይ" አለ፣ መለሰላት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ጫማውን በቀን ሁለት ጊዜ ይወለውል ጀመር። የባቡሩ ቲኬት ለረቡዕ ተቆረጠ፤ ሻንጣዋ አልጋ ሥር ተዘጋጀ።

ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ አባባ አዲስ ምዕራፍ አነበበልን። ደሳለኝ በመጨረሻ አልጣሽን ይዟት ሊሄድ መጥቷል። በቅሎዋ ተጭናለች፣ ባሻ ውቤ እንኳ ቀልድ ትቶ ልጓሙን ይዞ ቆሟል። አልጣሽ ደጃፉን ተሻግራ ዘወር ስትል አባቷ በር ላይ የለም። ሊሸኛት አልወጣም። ተመልሳ ትገባለች፤ ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ጓዳ ውስጥ ሆኖ፣ እናቷ ትቀመጥበት የነበረውን መደብ በእጁ እየዳበሰ አቧራውን ያራግፋል። አንድ ቃል አይናገርም። አልጣሽ ወጥታ ጭነቱን በገዛ እጇ ከበቅሎዋ ላይ ታወርዳለች። እትዬ ትበርህ ተንሰቀሰቁ። አባባ መጽሐፉን ዘጋ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወደማንም አላየም። እታለም ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች።

ረቡዕ ማታ እራት ስንበላ እታለም አብራን ነበረች። ሻንጣው ተፈታ። እኔ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በላይ ምንም አልገባኝም ነበር።

ታይፕ ተማረችና የሌሎች ሰዎችን ደብዳቤ ስትጽፍ ሠላሳ ዓመት ኖረች። እኔን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። ሁለት ጨዋ ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀዋት ሁለቱንም በትሕትና መለሰች። አባባ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ፤ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት አልጋ ላይ ነበር፣ በቀን ስንት ጊዜ የምታገላብጠው እሷ ናት። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ በበዓል በበዓል ኬክ ይዤ እጠይቃቸው ነበር፤ በኋላም ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ። ሰው ስለ እህቴ ሲያነሣብኝ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ "እህቴ እኮ እንደ አልጣሽ ናት" እላለሁ። ይህን ያልኩት አንድና ሁለት ጊዜ አይደለም። አሁን ሳስበው ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ መጽሐፉ ለትምህርት ታዘዘ። ሌሎቹ ልጆች አንዱን ቅጂ ለአምስት ሲሻሙ እኔ አልነካሁትም፤ በቃሌ የማውቀውን ምን ብዬ አነባለሁ? አማርኛ መምህራችን ከልቦለዱ ልባችሁን የነካውን ቦታ ጻፉ ሲሉን፣ አልጣሽ ጭነቱን ያወረደችበትን ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ እየጻፍኩም አለቀስኩ። ወረቀቴ ሲመለስ በቀይ "ይህ የት ገጽ ላይ ነው?" የሚልና ከሃያ አራት የሚል ነበረበት። መምህሩ ክፍሉ ፊት አስቆሙኝ። "መጽሐፉን ሳያነቡ መዋሸት ደራሲውን መስደብ ነው" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኚያን ሰው ዓመታት ሙሉ ጠላኋቸው፤ ከአንዴም ሁለቴ በሕልሜ ከደረጃ ላይ ገፍትሬያቸዋለሁ።

ቤት ገብቼ ለአባባ በእልህ ነገርኩት። ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ የሚሟገትልኝ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን አየ፣ አጠፈው፣ "ተይው" አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ እጁን አልታጠበም። መጽሐፉ የታለ ስንለው "የመሥሪያ ቤት ሰው ተውሶኛል" አለ። ያ ሰው መጽሐፉን አልመለሰም፣ አባባም እስኪሞት ድረስ ምንም ነገር ጮክ ብሎ አላነበበም። ለዚህም ጥፋቱን የጫንኩት በመምህሩ ላይ ነበር።

እንግዲህ ለገሃር ላይ ያን መጽሐፍ ሳገኘው ምን ያህል ጓጉቼ ወደ ሰንጋ ተራ እንደወጣሁ አስቡት። ጡረተኛ ነኝ፣ ልጆቼ የየራሳቸው ቤት አላቸው፤ መስኮቱ ሥር ወንበር አስጠግቼ ለአራት ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አነበብኩት።

በመጀመሪያው ቀን ጥፋቱን የራሴ አደረግሁት፤ መነጽሬን ቀየርኩ። ሰው ሁሉ እንደ ሰባኪ ነው የሚያወራው። ውኃ የምትቀዳ ልጅ ውኃ ስትጠይቅ ግማሽ ገጽ ትወስዳለች። ደራሲው ስለ ሥርዓትና ስለ ጨዋነት ሊመክረን ሲፈልግ ታሪኩን መንገድ ላይ አቁሞት ይወርድና፣ ሃያ ገጽ ሙሉ ጣቱን እየቀሰረብን ይቆማል። አልጣሽ ታለቅሳለች። ስታለቅስ እንባዋ በዕንቁ ይመሰላል፤ ሌላ ሥራ የላትም። አባባ ያነበበልን አልጣሽ ገበያ ላይ በጨው ሚዛን የተሳሳተ ሰው አንገቱን የምታንቅ ሴት ነበረች፤ ይህቺኛዋ ሚዛን የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ የምታውቅ አትመስልም። እናቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሞተች፣ ያውም በቅንፍ ውስጥ። ባሻ ውቤን ስፈልግ ስፈልግ ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት መስመር አገኘሁ፤ መንገደኞቹን አንድ በቅሎ ነጂ ይከተላቸው እንደነበር ይናገርና ያልፋል። ስም እንኳ የለውም። መጽሐፉን አስቀምጬ መስኮቱን ከፈትኩ። ይህን ነው እንግዲህ ሰው በየአጋጣሚው እየጠቀሰ የሚኮራበት? ይህን ነው ልጅ ሁሉ በግድ አንብቦ ልቡ ባዶውን የወጣው? የሚያሞግሱት ሰዎች ወይ አላነበቡትም፣ ወይ ሌላው ሁሉ ያነበበው መስሏቸው ፈርተው ነው።

ይህን ሁሉ ግን ይቅር እል ነበር፤ የበቅሎዋ ምዕራፍ ብትኖር። እሷን ብቻ ብዬ ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ነው የገባኝ። የአልጣሽ አባት በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ በንዳድ ሞቷል፤ ሳልጠረጥር አልፌው ነበር። ደሳለኝ ሲመጣ በቤቱ ውስጥ የሚቀር ሽማግሌ የለም። መደብ የለም። ዘወር ብላ የምታየው በር የለም። አልጣሽ አንዴም የመሄድና የመቅረት ምርጫ አይቀርብላትም፤ ደሳለኝን ሽፍቶች ይገድሉታል፣ እሷም በኀዘን ታማ በሁለት ገጽ ትሞታለች። ገጽ የጎደለ መስሎኝ ቁጥሩን አንድ በአንድ አየሁ። አልጎደለም። ለገሃር ተመልሼ ሻጩን ሌላ ኅትመት እንዲፈልግልኝ ለመንኩት፤ ቆይቶ አንድ ሌላ አገኘልኝ፣ ቆሜ አገላበጥኩት፣ ያው ነው።

"ምነው ማዘር፣ አልወደዱትም?" አለኝ።

"ሌባ ነው" አልኩት። ማንን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም። አርባ ዓመት የጠላኋቸው መምህር ልክ ነበሩ። አርባ ዓመት ያመሰገንኩት ደራሲ ባዶ ነበር። እህቴ ዕድሜዋን የገበረችለት ምዕራፍ ደግሞ በዓለም ላይ የለም፤ አባቴ አንድ እሑድ ከሰዓት ዓይኑን ወረቀት ላይ ተክሎ የዋሸው ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሞተ ሰው ላይ የምችለውን ያህል ጨከንኩ።

መጽሐፉን ይዤ በዚያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እታለም የምትኖረው ወሎ ሰፈር ነው፣ ከትልልቆቹ ካፌዎች ጀርባ በቀረ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ። ጉልበቷን ስለሚያማት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። መጽሐፉን ሰፌዱ አጠገብ ጣልኩት።

"ምዕራፉ የለም" አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

"የቱ ምዕራፍ?"

"የበቅሎዋ። አልጣሽ ከበር የተመለሰችበት። አባትየው እኮ ገና መጀመሪያው ላይ ሞቷል! አባባ ነው የፈጠረው፣ እታለም። አንቺን ለማስቀረት ብሎ።"

ከምስሩ ውስጥ አንድ ጠጠር አወጣች። "አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ያኔውኑ ነው ያወቅሁት። ከጎኑ አልነበር የምቀመጠው? ያን ቀን አንድም ገጽ አልገለጠም።"

ተቀመጥኩ። "እና እያወቅሽ ቀረሽ?"

"መጽሐፍ ቢሆንማ እሄድ ነበር" አለች። "ለመነኝ እኮ፣ ጽጌ። ጨው ስጡኝ የማይለው ሰው።"

"አታለለሽ እንጂ መቼ ለመነሽ! አፍ አውጥቶ ልጄ አትሂጂብኝ ቢል ምን ነበረበት? ዕድሜሽን በላው!"

ቀና ብላ አየችኝ። እህቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። "ቀስ በይ። አባቴ ነው።"

"የእኔም ነው።"

"አንቺን አልለመነሽም።"

ውጪ አንድ ሰው መኪናውን ወደ ኋላ ይነዳል፣ ሌላው "ና፣ ና፣ ና" ይለዋል። ቆይቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቆጭቶሽ አያውቅም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አይቆጨኝም ብትለኝ ያን ጊዜ የምረጋጋ መስሎኝ ነበር።

"ለምን አይቆጨኝም?" አለች። "ነጭ ጋውን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። አባባ ሆስፒታል ተኝቶ አንዲት ነርስ ደም ሥር አጥታ አምስቴ ስትወጋው፣ ከእጇ ነጥቄ ልወጋው ነበር።" ሰፌዱን ነቀነቀችው። "ረቡዕ ዕለት ለገሃር ሄጄ ነበር፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።"

"ልትሄጂ?"

"እኔንጃ። አልማዝን ልሸኝ ብዬ ነው የወጣሁት። ሻንጣዬን ቤት ትቼ፣ ቲኬቱን ግን በኪሴ ይዤ። አልማዝ ተሳፈረች፣ በመስኮት ታወራኛለች። ዘወር ስል አባባ ከአንዱ ዓምድ ኋላ ቆሟል። ከሥራ አስፈቅዶ፣ ኮቱን ለብሶ። በአንድ እጁ የእማማን ጋቢ አጥፎ ይዟል፣ በሌላው በከረጢት የታሰረ ዳቦ ቆሎ። እትዬ ትበርህን አስቆልቶ ነው፣ ለመንገድ። እቀራለሁ ብዬ መች ነገርኩት? እሱስ መች ጠየቀኝ? የምሄድ መስሎት ሊሸኘኝ ነው የመጣው።"

"ባቡሩስ ሄዶ ነበር?"

"አልሄደም። ገና ሩብ ሰዓት ይቀረው ነበር።" እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። "ሂጂ ቢለኝ እሳፈር ነበር። ልሂድ ብለው ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ይለቀኝ ነበር። እኔ ባቡሩን አያለሁ፣ እሱ የጋቢውን ጥለት ያሻሻል። ከዚያ ባቡሩ ጮኸና ሄደ። በእግራችን እስከ ካዛንቺስ መጣን፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር። ሃያ ሁለት ዓመት አላነሣነውም።"

"ዳቦ ቆሎውስ?" አልኩ።

"ለአንቺ ነዋ የሰጠሽ። በር ላይ ቆመሽ ስትጠብቂን።"

አስታወስኩት። ከረጢቱን ነጥቄው የቤታችን ደረጃ ላይ መቀመጤን፣ ለጎረቤት ልጆች ላለመስጠት ቀሚሴ ሥር መደበቄን፣ ሁለቱም ከበላዬ ቆመው ስበላ ዝም ብለው ሲያዩኝ መቆየታቸውን። ቤቱ ፈርሷል፣ አባባ ሞቷል፣ ከለገሃር ወደ ምሥራቅ የሚነሣው የያኔው ባቡርም ከቀረ ቆይቷል። አራት ቀን ሙሉ አንድ ደራሲ፣ ከዚያ አንድ አባት፣ ከዚያ ደግሞ ዝም ያለች እህት ስከስስ ሰነበትኩ። የእህቴን የመንገድ ስንቅ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ የበላሁት ግን እኔ ነኝ። ትንሽ ስኳር የገባበት ነበር፤ በጣም ጣፍጦኝ ነበር።